ጣና ዳር የሠራኋቸው የድርሰት ልምምዶች

«በቀን ሦስት ገጽ ጻፍ» የሚለው ምክር ለጀማሪ ጸሐፊ አይጠቅምም። ሦስት ገጽ ሲሞላ ስሕተቱም ሦስት ገጽ ይሞላል፤ የቱን አርሞ የቱን መተው እንደሚሻል አይለይም። ልኩን ያገኘሁት ከጎጃም ቅኔ ቤቶች ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ ጀማሪ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚደርሰው፣ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ቅኔ ነው፣ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ። ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቆጠራውም ከሰው ራቅ ብሎ፣ በልብ ነው። እኔም በዚሁ ሄድኩ፤ የመጀመሪያው ወር በቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለተኛው ሦስት፣ ሦስተኛው አምስት።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር 15 ደቂቃ ደብተር ሳልከፍት አያለሁ። የምመርጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር እየተራመድኩ በቃሌ እሠራለሁ፣ ሦስት ጊዜ እደግማለሁ፣ ከዚያ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ድግግሞሽ ከአፍ የሚጠፋ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ነው፤ ፈልጎ መመለስ አያስፈልግም።

«ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» እና «በጣም» ክልክል ናቸው። ክልከላው የሚሠራው ግን የነገሩን ስም ለሚያውቅ ነው። «ዛፍ» ከማለት ዋርካ፣ ዋንዛ ወይም ዘንባባ፤ «ዓሣ» ከማለት ቆሮሶ ወይም አምባዛ። ታንኳ ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል እንደምትታሰር፣ ውሃ እየጠጣች እንደምትከብድ፣ ዳር ወጥታ ካልደረቀች እንደማታገለግል ያወቀ ሰው ስለ ባለቤቷ ድካም ብዙ ማውራት አያስፈልገውም።

አብዛኛውን ጊዜ የወሰደብኝ የግሥ ልምምድ ነው። በአማርኛ ዓረፍተ ነገሩ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ሁልጊዜ «ነበር» ከተቀመጠ አንባቢ በየመስመሩ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። 12 ዓረፍተ ነገር ጽፎ የየመጨረሻውን ግሥ ማስመር። «ነው» እና «ነበር» ከአራት ከበለጡ እንደገና መጻፍ። ለምሳሌ፦

«ጠዋት ነበር። ሐይቁ ጸጥ ያለ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጣም ደክሞት ነበር።»

ይህ ወደሚከተለው ይለወጣል፦

«ጸጥ ያለውን ሐይቅ አንዲት ውሃ የጠጣች ታንኳ ትሰነጥቀዋለች። ዓሣ አጥማጁ ሁለት ጊዜ ይቀዝፍና መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ ያጋድማል።»

«ደክሞት» የሚለው ቃል ወጥቷል፣ ድካሙ ግን አለ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው «ነበር»ን አውጥቶ «ይታያል» ወይም «ይገኛል» መተካት ነው፤ እንቅልፉ ያው ነው። ሌላው ግሥን ሁሉ በ«ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ በልቶ፣ ወጥቶ» ማንጠልጠል ነው። አንባቢ ይህን ሁሉ ተሸክሞ የመጨረሻውን ግሥ ይጠብቃል። ከሦስት አላሳልፍም፤ ሆን ብዬ ማስጠበቅ ስፈልግ ብቻ አምስት አደርሳለሁ፣ ያኔም የሚጠበቀው ግሥ ከባድ መሆን አለበት። ሁሉንም ቆራርጦ አጭር ማድረግም መድኃኒት አይደለም፤ ትረካው ቴሌግራም ይመስላል።

ለንግግር የምሠራው የአጠራር፣ ማለትም ሰው ሰውን «አንተ» ወይም «እርስዎ» የሚልበት፣ ልምምድ ነው። ሁለት ሰዎች በዓሣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ስምንት ምልልስ፣ «አለ» እና «አለች» ሳይገባ። አጠራሩ አንድ ቦታ ላይ ይለወጣል፣ የተለወጠበትም ምክንያት ሳይነገር መታወቅ አለበት። ከስምንቱ አምስቱ እነሆ፦

«ልጄ፣ ይህችን ቆሮሶ ቀንስልኝ።»
«እናቴ፣ አያዋጣኝም።»
«አንተ ልጅ፣ ትናንት እኮ በግማሹ ነው የሰጠኸኝ።»
«ትናንት መረቡ ሞልቶ ነበር።»
«እንግዲህ እርስዎ እንዳሉ፣ ጌታው።»

ሴትዮዋ በመጨረሻ «እርስዎ» ያለችው አክብራ አይደለም፤ ልጅነቱን ነጥቃዋለች። ይህን መሣሪያ ያልተለማመደ ጸሐፊ «ተቆጣች» ብሎ ይጽፋል። ጥንቃቄም ያሻል፤ በጎጃምና በጎንደር ገጠር «አንቱ» ሕያው ነው። የገጠር ሽማግሌ ወንድሙን «እርስዎ» ካለ አንባቢ ወዲያው ሐሰቱን ይሰማል።

የተጻፈውን ለ10 ቀን አስቀምጣለሁ፣ ከዚያ ወረቀቱን ለማያይ ሰው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። አድማጩ «ማን?» ብሎ ያቋረጠበት ቦታ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። አማርኛ ግሡ ውስጥ ባለቤቱን ስለሚሸከም ስም መጣል ይቀለናል፤ ሁለት ወንዶች አንድ ታንኳ ላይ ሲሆኑ ግን «ቀዘፈ»፣ «ዞረ»፣ «ሳቀ» የማን እንደሆነ አይታወቅም። ስማቸውን በየመስመሩ መደጋገም ያሰለቻል። እኔ አንዱን በያዘው ነገር እጠራዋለሁ፦ «ባለመረቡ»። ሌላው ያለ ስም ቢቀርም አይጠፋም።