«ገንዘቡ ከየት ነው የሚመጣው?» ማለትን እንዴት ለመድኩ

ቪዲዮውን ያየሁት ሌሊት ላይ ነው። አንድ ወጣት ላፕቶፑን ከፍቶ የኦንላይን ሱቁን የሽያጭ ገጽ ያሳያል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። «ይሄ የትናንት ብቻ ነው» ይላል። ከዚያ ላፕቶፑን ዘግቶ ይነሳል። የቀኑ ሥራ አልቋል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ያን ሰሞን ደመወዜ ከወር ወር አላደርስ ብሎኝ ነበር፤ ሰውዬው የሚያወራው ለኔ ብቻ መሰለኝ። ይህን የምጽፈው ዛሬም በዚያ ሰዓት፣ በዚያው ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንዲህ ዓይነት ቪዲዮ የሚያይ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ቪዲዮው ወደ «ነጻ ሥልጠና» ይመራል። ሥልጠናው አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ስለ ሱቅ አልነበረም። ስለ ድህነቱ፣ ስለ እናቱ፣ ሥራውን ስለለቀቀበት ቀን፣ ስለ መኪናው ነበር። ዕቃውን ከማን እንደሚያመጣ፣ ማስታወቂያ ስንት እንደሚወስድበት፣ ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ምን እንደሚያደርግ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ያኔ ይሄ አልታየኝም። ታሪኩ ይዞኝ ነበር።

መጨረሻ ላይ የኮርሱ ዋጋ መጣ። ከጎኑ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ፦ 15 ደቂቃ። «የቀረው 7 ቦታ ብቻ ነው።» እኔም እንደመጠንቀቅ ብዬ የኮርሱን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። «ይህ ኮርስ ማጭበርበር ነው?» የሚል ርዕስ ያለው ጽሑፍ አገኘሁ። ሲያልቅ «አይደለም፤ እኔ ራሴ ተጠቅሜበታለሁ» ይላል። ከሥሩ የመግዣ ሊንክ ተቀምጧል። ሊንኩ ጫፍ ላይ የሪፈራል ኮድ እንዳለ ያስተዋልኩት ከወራት በኋላ ነው። ጸሐፊው በእኔ ግዢ ኮሚሽን ያገኛል ማለት ነው። ያን ሌሊት ያነበብኳቸው አምስት ግምገማዎች ሁሉም እንዲሁ ነበሩ። ጥንቃቄዬ ራሱ ወደ ወጥመዱ መራኝ።

የሁለት ወር ደመወዜን ከፈልኩ። በማግስቱ ያንኑ ሊንክ በሌላ ስልክ ከፈትኩት። ሰዓቱ እንደ አዲስ ከ15 ደቂቃ ጀመረ። የቀረው ቦታም ያው 7 ነበር።

ኮርሱ የሚያስተምረው ድሮፕሺፒንግ የሚባል ሥራ ነው። ሥራው በራሱ ውሸት አይደለም። ባለሱቁ ዕቃውን እጁ ላይ አያስቀምጥም። ደንበኛ ሲያዝ አቅራቢው በቀጥታ ይልክለታል። የባለሱቁ ድርሻ ደንበኛ ማምጣት ነው። ግን ያው ዕቃ በሌላ ብዙ ሱቅ ይሸጣል። ደንበኛ የሚመጣው በማስታወቂያ ነው፤ የማስታወቂያው ቦታ ደግሞ በጨረታ ይሸጣል። አንድ ኮርስ የወሰደ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ዕቃ ለአንድ ዓይነት ደንበኛ ለማሳየት ሲሻማ ዋጋው ይንራል። ይህን ኮርሱ ውስጥ አላገኘሁትም። ከኪሴ ሲወጣ ነው ያወቅኩት።

አራት ወር ሠራሁ። ሒሳቡን የያዘችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። እንጀራዋ የሒሳብ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ አጠገቧ አስቀምጣ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። ከገባው ከእያንዳንዱ 100 ውስጥ 38 ለአቅራቢውና ለመላኪያ ወጥቷል። 49 ለማስታወቂያ። 6 ለሱቁ ሲስተምና ለክፍያ ኮሚሽን። 9 ዕቃ ለመለሱ ሰዎች ተመልሷል። ድምሩ 102። በ100 ሽያጭ 2 ከኪሴ እየጨመርኩ ነበር። ለኮርሱ የከፈልኩት አልተቆጠረም። ያልተኛኋቸው ሌሊቶችም አልተቆጠሩም።

«ሰውዬው ራሱ የሚያተርፈው ከምንድን ነው?» አለችኝ።

«ከሱቁ ነዋ።»

«እርግጠኛ ነህ? ከሱቁ ካተረፈ ሚስጥሩን ለተፎካካሪ ለምን ይሸጣል?»

መልስ አልነበረኝም። ያን ማታ የራሴን ሱቅ የሽያጭ ገጽ ስክሪንሾት አነሳሁና ከሰውዬው ቪዲዮ ጎን አስቀመጥኩት። አንድ ዓይነት ነበሩ። ወደ ላይ የሚወጣ መስመር፣ ትልቅ ቁጥር፣ አረንጓዴ ቀስት። የኔ ሱቅ እየከሰረ ነበር፤ ያንን ምስል የሚያይ ሰው ግን ያለፈልኝ ነው የሚመስለው። ገጹ የሚያሳየው የተሸጠውን ነው። የቀረውን አያሳይም። ያለፉትን ወራት ሁሉ አንድ ምስል አምኜ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

ቆይቶ ደግሞ ዌብሳይት የሚሠራ ጓደኛዬ ሌላ ነገር አሳየኝ። ኮምፒውተር ላይ የትኛውንም ገጽ ከፍቶ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ «ኢንስፔክት» የሚለውን መርጦ ቁጥሩን ቀየረው። አሥር ሰከንድ አልፈጀበትም። የባንክ ሒሳቤ ገጽ ላይ ያልነበረ ገንዘብ ታየ። የተቀየረው እዚያው ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ በቪዲዮ ቢቀረጽ ግን ከእውነተኛው አይለይም። ከዚያ ወዲህ የማንም የገቢ ስክሪንሾት ለእኔ ማስረጃ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ኪሳራዬን በኮርሱ ግሩፕ ውስጥ ስጽፍ የተሰጠኝ መልስ ነው። «ችግሩ አስተሳሰብህ ላይ ነው» አሉኝ። «የሚጠራጠር ሰው አይለወጥም።» ማንም ቁጥሮቼን አልጠየቀኝም። እኔም አምኜ ራሴን ስወቅስ ከረምኩ። ይሄ ንግግር በእንዲህ ዓይነት ቤት ሁሉ ይሰማል፤ በጣምም ያናድደኛል። ሰው ተገቢ ጥያቄ ሲጠይቅ ጥያቄውን ወደ ጸባይ ጉድለት ይለውጡበታል። ያፍርና ዝም ይላል። ሌላ ሰው ሲጠይቅም እሱ ራሱ ያንኑ መልስ ይሰጣል።

ሱቁን ዘጋሁ። ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለ። ስልኩ ላይ ያለ አፕ በየቀኑ ቀላል ሥራ ይሰጠዋል። ቪዲዮ ላይክ ማድረግ፣ ሆቴል ላይ ኮከብ መስጠት። ሥራውን ለመክፈት ቀድሞ ገንዘብ ማስገባት አለበት፤ ያስገባው በቀን 2 በመቶ ያድግለታል። «ባክህ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አውጥቻለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አውጥቷል። ሊጎዳኝ አልደወለም፤ እንዳይቀርብኝ ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣብን በምንወደው ሰው በኩል ነው፤ ለዚህም ነው እምቢ ማለት የሚከብደው።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አንዴ ለቅሜያለሁ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚያስፈጽመው ደንብ አለ። «የንግድ ዕድል» የሚሸጥ ሰው ገንዘብ ከመቀበሉ ቢያንስ 7 ቀን በፊት ስለ ራሱና ስለ ሥራው የሚያስረዳ ሰነድ ለገዢው መስጠት አለበት። ገቢ ቃል ከገባ ደግሞ ማስረጃውን በጽሑፍ ያቀርባል። ደንቡ የእነሱ ነው፤ እኔ 7ቱን ቀን ለራሴ ወሰድኩት። ምንም ያህል ቢያጓጓኝ ከ7 ቀን በፊት አልከፍልም።

መጀመሪያ ሒሳብ ሠራሁ። በቀን 1 በመቶ የሚያድግ ገንዘብ፣ ትርፉ ሳይወጣ እዚያው እየተደመረ ከሄደ፣ በዓመት ወደ 38 እጥፍ ይጠጋል። በቀን 2 በመቶ ከሆነ ከ1,300 እጥፍ ያልፋል። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው የባልደረባዬን ቁጠባ ለምን ይፈልጋል? ከባንክ አንዴ ተበድሮ ዓመት ሳይሞላ ከብድር ይገላገል ነበር።

ከዚያ የቻርልስ ፖንዚን ታሪክ አነበብኩ። በፈረንጆች 1920 አሜሪካ፣ ቦስተን ከተማ ውስጥ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ቃል ገባ። በአንድ አገር በርካሽ የተገዛ የፖስታ ኩፖን በሌላ አገር ወደ ውድ ቴምብር ይለወጣል፤ ትርፉ ከዚያ ይመጣል አለ። የዋጋ ልዩነቱ እውነት ነበር። ቀድመው የገቡትም ገንዘባቸውን ተቀብለዋል። ክላረንስ ባሮን የተባለ የፋይናንስ ጋዜጠኛ ግን ቁጭ ብሎ ቆጠረ። ፖንዚ የሰበሰበው ገንዘብ እንዲሠራ 160 ሚሊዮን ኩፖን ያስፈልግ ነበር። በዓለም ላይ ሲዘዋወር የነበረው 27 ሺህ ገደማ ነው። ፖንዚ የራሱን ገንዘብ በዚያ ሥራ ላይ እንዳላዋለም ባሮን አስተዋለ። ለቀደሙት ይከፈል የነበረው ከኋላ የመጡት ያስገቡት ገንዘብ ነው። ይህን ሳነብ የእህቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ።

ስሙ እንጂ አሠራሩ አልተለወጠም። ቢትኮኔክት የሚባለው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ድርጅት በቀን 1 በመቶ ገደማ ያስገኛል ይባል ነበር። ለዚህም በራሱ የሚገዛና የሚሸጥ «የግብይት ሮቦት» አለን ይል ነበር። ጥር 2018 በፈረንጆች ሲዘጋ ድርጅቱ ያወጣው ዲጂታል ሳንቲም ዋጋ በአጭር ጊዜ ከ90 በመቶ በላይ ወደቀ። የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ ማጭበርበሩን 2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አድርሶታል። ፖንዚ ኩፖን አለ፣ እነዚህ ሮቦት አሉ፣ የባልደረባዬ አፕ ደግሞ ላይክ አለ።

ቀሪውን ምርመራ በሁለት ምሽት ጨረስኩ። የዌብሳይት አድራሻ (ዶሜይን) መቼ እንደተመዘገበ የሚያሳይ «ሁ ኢዝ» የሚባል ነጻ ፍለጋ አለ። አፑ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ ይላል፤ አድራሻው የተመዘገበው ግን ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። የ«ሥራ አስኪያጁን» ፎቶ በምስል ፍለጋ አስገባሁት። ፎቶ የሚሸጥበት ገጽ ላይ ተገኘ። የንግድ ምዝገባ ወረቀት ለጥፈዋል። ነገር ግን ድርጅት ማስመዝገብና ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ ፈቃድ ማግኘት ለየቅል ናቸው። ፈቃድ በሚሰጠው ተቆጣጣሪ ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም።

ሰው ለሚያመጣ ኮሚሽን ስለሚሰጡም ያንን ቆጠርኩ። አንድ ሰው 6 ሰው ያምጣ፤ እያንዳንዳቸው ሌላ 6 ያምጡ። 13ኛው ደረጃ ላይ 13 ቢሊዮን ሰው ያስፈልጋል። በምድር ላይ ያለነው 8 ቢሊዮን ገደማ ነን። ከታች ያሉት ገና ሲገቡ ከሳሪዎች ናቸው።

ቴሌግራም ግሩፓቸው ውስጥ ገብቼም በትህትና ጠየቅኩ፦ «ለዚህ ትርፍ የሚከፍለው ደንበኛ ማን ነው?» አራት ደቂቃ አልሞላም፤ ከግሩፑ አስወጡኝ።

ለባልደረባዬ ሁሉንም ላክሁለት። አላመነኝም። ሁለት ጊዜ ያወጣት ትንሽ ገንዘብ ከእኔ ማስረጃ በልጣበት ነበር። አልፈርድበትም። ያቺ ገንዘብ የተከፈለችው እንድትታመን ነው፤ ቀጥሎ ያለ የሌለውን እንዲያስገባ። አስገባም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ማውጣት ሲፈልግ «መጀመሪያ 15 በመቶ ታክስ ላክ» አሉት። ሲደውልልኝ ልኮ ነበር። የሚገባ ክፍያ ቢሆን ካለው ገንዘብ ላይ ይቀነስ ነበር፤ አዲስ አስገባ ባልተባለ። ሳምንት ሳይቆይ ሌላ ሰው ጻፈለት፦ «የጠፋብህን ገንዘብ እናስመልሳለን፤ የአገልግሎት ክፍያ ብቻ ቅደም።» የተታለሉ ሰዎች ስልክ ቁጥር ለሌላ አታላይ ይሸጣል። ይህኛውን ደርሼ አስቆምኩት። ጉዳዩን ለፖሊስና ለባንኩ አብረን አመለከትን። የሄደው ገንዘብ ግን እስካሁን አልተመለሰም።

በኦንላይን ሠርተው የሚኖሩ ሰዎች አውቃለሁ። ዲዛይን የሚሠሩ፣ የሚተረጉሙ፣ በእጃቸው የሠሩትን የሚሸጡ። ወሬያቸውን አዳምጡ። ስለ ዘገየ ክፍያ፣ ስለ አስቸጋሪ ደንበኛ፣ ስለ ተመለሰ ዕቃ ነው የሚያወሩት። ሕልም የሚሸጠው ደግሞ ስለ መኪናና ስለ ነጻነት ያወራል። ስለዚህ አሁን ማንም «ይሄ ሥራ ያዋጣል» ሲለኝ «ባለፈው ወር ስንት ዕቃ ተመለሰብህ?» እላለሁ። የሚሠራ ሰው ወዲያው ይመልሳል፤ እንዲያውም ያማርራል። የማይሠራው ስለ አስተሳሰቤ ማውራት ይጀምራል።

ባልደረባዬ ለረጅም ጊዜ አፍሮ ጠፍቶብኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት መልእክት ላከ። የአንድ አዲስ አፕ ሊንክ ነው፤ የላከለት የአጎቱ ልጅ ነው። ደነገጥኩ። ከሥሩ ግን እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ዶሜይኑ 23 ቀኑ ነው። ፎቶው የሌላ ሰው ነው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄያቸው አስወጥተውኛል። አሁን ወደ አጎቴ ልጅ ቤት እየሄድኩ ነው፤ ሒሳቡን እንዴት እንደማስረዳው ደውልልኝ።»

ደወልኩለት።