ሁለተኛው ትራምፔት ዘግይቷል

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጋሼ አሉ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። ሰማንያን አልፈዋል ግን ሲሄዱ አሁንም ቀጥ ብለው ነው። ልጅ እያለሁ ጡረታ የወጡ የባንክ ሰው ምናምን ይመስሉኝ ነበር። ለካ ሰውየው የክቡር ዘበኛ ባንድ ትራምፔት ነፊ ነበሩ! ይሄን ያወቅኩት ባለፈው ክረምት እማዬ ቡና ጠርታቸው እኔ ስልኬ ላይ የድሮ ዘፈን ስከፍት ነው፣ ገና መግቢያው ላይ ሲኒያቸውን ቁጭ አደረጉና "ሁለተኛው ትራምፔት ዘግይቷል" አሉ። እውነቱን ለመናገር መዘግየቱን እኔ እስካሁን አልሰማሁትም።

ከዛ ቀን ወዲህ ነገሩ ይዞኝ ቀረ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ ስንል መድረክና ማይክ ነው የሚታየን አይደል፣ ሦስቱም ግን ያለፉት በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ነው። ያውም ንጉሡን በሚጠብቀው። በዓል ሲሆን የአንበሳ ጎፈር ያለበት ቆብ ደፍቶ የሚሰለፈው፣ የቤልጅግ መኮንኖች ያሰለጠኑት፣ ማይጨው ላይ መጋቢት 1928 ዓ.ም የጣሊያን ምሽግ ላይ ወጥቶ ብዙ ሰው ያለቀበት ክፍል ማለት ነው። በ1943 ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃም ከዚሁ ከክቡር ዘበኛ የወጣ ነው (ቃኘው የራስ መኮንን ፈረስ ስም ነው)፣ በየተራ ከዘመቱት የቃኘው ሻለቆች በጠቅላላ ከ120 በላይ ሰው ሞቷል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። አበበ ቢቂላ ራሱ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ነው፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማለት ነው፣ ችቦው እየበራ ወሬው ሲገባ አስቡት።

ጡሩምባው ከየት መጣ ብትሉ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በ1916 ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ጉዞ ላይ ሳሉ ኢየሩሳሌም ጎራ ብለው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ባንድ ሲጫወት ይሰማሉ። ኦቶማን ቱርክ ውስጥ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ልጆች ናቸው። አርባውንም አዲስ አበባ አስመጧቸው፣ "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነሱ ናቸው፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ "ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ" የሚለውን መዝሙር ዜማ የሠራው ሰው ነው፣ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በኋላ ስንቱን የአገራችንን ሙዚቀኛ አሰለጠነ። ወላጅ ያጣ ልጅ ይዞት የመጣ ጡሩምባ ነው እንግዲህ እኛ ሠርግ ላይ የምንጨፍርበት።

ጋሼ ስለዚህ ብዙ አያወሩም። እሳቸው የሚያወሩት ስለ ካምፕ ነው። "ልጄ እኛ መጀመሪያ ወታደር ነን፣ ሙዚቀኛነቱ ከዛ ነው የሚመጣው" ይላሉ። ማዕረግ አለ፣ ስም ጥሪ አለ፣ ማታ ሲጫወቱ አምሽተው ጠዋት ሰልፍ ላይ መገኘት አለ። አንዱ ቡድን ማርሽ ነው፣ ሰልፍ ላይ እየሄደ የሚነፋው፣ ሌላው ኦርኬስትራው ነው፣ ዘፋኞቹ ያሉበት። ማርሽ ላይ ጥፋት ቶሎ ይታወቃል፣ እግርህ ከጡሩምባህ ከተለየ ሁሉም ያይሃል፣ ኦርኬስትራ ላይ ግን ዘፋኙ ይሸፍንልሃል ይላሉ እየሳቁ። የኦርኬስትራውን መሪ ሣህሌ ደጋጎን ሲጠሩ ግን አይስቁም፣ "ኮሎኔል" ብለው ነው የሚጀምሩት። ሌሎቹም ባንዶች ነበሩ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ (አለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለ የፖሊስ ናቸው)፣ ፉክክሩ ከኳስ አይተናነስም ነበር። የፖሊስን ባንድ ዛሬም "እነዛ" ነው የሚሏቸው።

የማህሙድን ታሪክ እኔ በጣም ነው የምወደው። መርካቶ ተወልዶ ሊስትሮ የሠራ ልጅ ነው፣ አሪዞና ክለብ ተቀጥሮ ያገኘውን ይሠራ ነበር፣ የክቡር ዘበኛ ልጆች ከሥራ ውጪ እዛ ነበር የሚያመሹት። አንድ ማታ ዘፋኙ ቀረ፣ ማህሙድ እኔ ልሞክር አለ፣ በቃ፣ ባንዱ ወሰደው።

በመሃል ግን 1953 አለ። ታኅሣሥ ላይ ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክቡር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድሙ ከገርማሜ ጋር ሆኖ መፈንቅለ መንግሥት ሞከረ፣ ምድር ጦር ተነሳባቸው፣ አዲስ አበባ መሃል ተታኮሱ፣ ከሸፈ። ጄኔራሉ መጋቢት ላይ ተሰቀለ። ጥላሁንም ከታሰሩት አንዱ ነው። አስቡት፣ አገር በዘፈኑ የሚያለቅስለት ሰው፣ የደንብ ልብሱ የክቡር ዘበኛ ስለሆነ እስር ቤት ሲገባ። ጋሼ የተቀጠሩት ከዚህ ግርግር በኋላ ነው፣ የቀደሙት ሰዎች ስለዛ ሳምንት አፋቸውን አይከፍቱም ነበር ብለውኛል፣ እኔም አልገፋሁም።

ከዛ ደርግ መጣና ክፍሉ ፈረሰ። ማህሙድም እስከዛው ድረስ ነበረ፣ በኋላ በግል ባንዶች ቀጠለ። ጋሼ አልቀጠሉም። ለምን ስላቸው "መሣሪያው የመንግሥት ነው፣ አስረከብኩ" ብቻ አሉኝ፣ ጠመንጃ ያስረከቡ ነው የሚመስሉት።

ባለፈው እሁድ ግን በመሃረብ የተጠቀለለች ነገር ከኪሳቸው አወጡ። የትራምፔቱ የአፍ መንፊያ ነች፣ ጫፏ ላይ ብሩ ተልጦ ነሐሱ ይታያል። "ይቺስ?" ስላቸው "ይቺን ማንም አልጠየቀኝም" አሉ። ከንፈራቸውን ረጠብ አድርገው ነፏት፣ ድምጿ እንደ ዳክዬ ነው፣ ብቻ ከዳክዬው ሥር የጠዋቱ የመቀስቀሻ ጡሩምባ ይሰማል፣ ሁለት ሦስት ኖታ እንደሄዱ የጎረቤት ውሻ መጮህ ጀመረ፣ እማዬ ከጓዳ "ኧረ ጋሼ ሕፃኑ ተኝቷል!" አለች። ቀጥ ብለው ተቀመጡና መሃረቡን ጠቀለሉት።