የተጎታቿ ወለል

ዛሬ አቶቴ ሰፈር፣ ወንድሜ ለቡና መሸጫ የገዛትን አሮጌ ተጎታች ቤት ወለል ልንቀይር ገባን። ሻጩ «ምንም አይላትም» ብሎ ነበር፤ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ አንጥፎባት! ስንገልጠው ኮምፔርሳቶው እንደ ረጠበ ዳቦ በእጅ ይቆረሳል። ጥጉ ላይ እንጉዳይ በቅሏል፣ እውነቴን ነው፣ ሦስት ራስ።

እኔ «አዲስ ገዝተን እንምታው» ስል ሽማግሌው አናጢ «ቆይ ልጄ» አሉና በጆግ ውሃ ጣሪያው ላይ አፈሰሱ። ዝም ብለን ጠበቅን። ውሃው በመስኮቱ ጠርዝ ሰርጎ፣ በግድግዳው ውስጥ ወርዶ፣ ልክ እንጉዳዩ ሥር ብቅ አለ።

«ወለሉ ምን አጠፋ?» አሉ።

ስንቴ ይሆን ከላይ እያፈሰሰ ከታች የቀየርነው? እስኪመሽ ሲሊኮን ስንቀባ ዋልን፤ ወለሉ ገና ነው። ቤቴ ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት የሳሎኔን ምንጣፍ ጫፍ ገለጥ አድርጎ ማየት ነው።