ዳፕ የበላ አኳሪየም

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ሻገተብህ እንዴ?» አሉኝ እትዬ፣ መወልወያቸውን ተደግፈው።

ቦታው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ያለ የጥርስ ክሊኒክ ነው። እትዬ ማታ ማታ ክሊኒኩን የሚያጸዱ የአገሬ ሰው ናቸው። እኔ አኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ማኖሪያ የመስተዋት ታንክ፣ እየዞረ የሚንከባከብ ድርጅት ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ አራት ወሬ ነበር። ሻገተ ያሉት የእንግዳ መቀበያው ውስጥ የተከልነውን 120 ጋሎን፣ ወደ 450 ሊትር የሚሆን የጨው ውሃ ታንክ ነው። ኮራል፣ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ ነጭ አሸዋ። ነጭ የነበረ አሸዋ ልበል እንጂ፣ ያን ቀን አረንጓዴ ጸጉር አብቅሎ የሳር ሜዳ መስሏል።

አዲስ ታንክ መቆሸሹ አልገረመኝም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናማ አቧራ የመሰለው ዳያቶም የሚባል ደቂቅ አልጌ መጥቶ አሸዋውን ሸፍኖት ነበር። ከአዲሱ ድንጋይና አሸዋ የሚወጣውን ሲሊካ ይበላል፤ ሲያልቅበት ይሄዳል። ሄደም። ያሠለጠኑኝ ጋሼ ምጽዋ ነው ያደጉት። «እኛ ባሕር ውስጥ ያለው ድንጋይ ስንት ዘመን ሕይወት ሲለብስ የኖረ ነው» ይላሉ። «አንተ ያስገባኸው ግን ደረቅ ራቁት ድንጋይ ነው። ባዶ ቦታ ነው። ቀድሞ የደረሰ ይሰፍርበታል።» በዚህ ሥራ ቀድሞ ደርሶ ዓይን የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ አልጌ፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሽበት መሳይ ነገር ነው።

አረንጓዴው ግን አልሄድ አለ። አልጌን የሚመግቡትን ሁለቱን ነገሮች ለካሁ፦ ናይትሬት በሊትር 5 ሚሊግራም፣ ፎስፌት 0.04። ቁጥሩን ላየ ታንኩ ሙሉ ጤነኛ ነው። መብራቱ በቀን የሚበራበትን ጊዜ ከ10 ሰዓት ርዝመት ወደ 6 ቀነስኩ። አልጌ የሚግጡ ትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣዎች አስገባሁ። በየሳምንቱ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ጣና ላይ እምቦጭ እንደሚነቅል ሰው በእጄ እነቅላለሁ፤ ባልዲ ሙሉ ይወጣል። በሳምንቱ ስመለስ እንዳልተነካ ሆኖ ይጠብቀኛል። የክሊኒኩ ሐኪም በትሕትና ጠየቀኝ፤ ከዚያ ብዙም በትሕትና ባልሆነ ድምፅ ጠየቀኝ።

አንድ ማክሰኞ አመሸሁና እትዬን አየኋቸው። ከእቃ ማጠቢያው በማሰሮ ውሃ ቀድተው፣ ከታንኩ ሥር ያለውን የመሙያ ባልዲ ይሞላሉ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? አንተ አይደለህ እንዴ ውሃው ሲጎድል ጨምሩበት ያልከኝ!»

እውነታቸውን ነው። ከወር በፊት በረዶ መንገድ ዘግቶብን መኪናችን አልመጣም ነበር። ከታንክ የሚተነው ንጹሕ ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው አይተንም። ስለዚህ የጎደለው ካልተተካ ጨዉ እየበዛ ይሄዳል። የኛ ታንክ በቀን ከአንድ ጋሎን በላይ ይጎድለዋል። እኛ ጨውና ማዕድኑን በሚያስቀረው በአርኦ-ዲአይ ማጣሪያ ያለፈ፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚለካው በቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ የሚል ውሃ በጀሪካን እያመጣን ነው የምንተካው። ያን ቀን ደንግጬ ደወልኩላቸውና «ባልዲው ሲጎድል ውሃ ጨምሩበት» አልኩ። የትኛውን ውሃ እንደሆነ አልተናገርኩም። በቃ ይበቃል ብዬም አልደወልኩም። እሳቸውም ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ስለሆኑ አንድም ማታ አልዘለሉ። እኔ ደግሞ ባልዲውን ሁልጊዜ ሞልቶ ሳገኘው «ዘንድሮ እርጥበቱ ጥሩ ነው መሰለኝ፣ ብዙ አይተንም» ብዬ ጀሪካኔን ይዤ እመለስ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ጋሼ ሲሰሙ አልተቆጡም። የቧንቧውን ውሃ በፎስፌት መለኪያው እንድለካ ብቻ አዘዙኝ። ማሽኑ ከልኩ በላይ ነው ብሎ ብልጭ ድርግም አለብኝ።

ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። አርሊንግተንና ዋሽንግተን የሚጠጡት ከአንድ ቦታ ተጣርቶ የሚመጣ የፖቶማክ ወንዝ ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ውሃው የሚታከምበት ክሎሪን በክሎራሚን ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹ የእርሳስ ቧንቧዎች እርሳሳቸውን ወደ ውሃው ይለቁ ጀመር፤ ከተማው በጣም ተረበሸ። በ2004 መፍትሔ ተብሎ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመርበት ጀመር። ቧንቧውን ከውስጥ እንደ ቀለም ይቀባዋል፣ እርሳሱም አይወጣም። ለሰው ጥሩ ነው። እኔ ራሴ ቤቴ የምጠጣው ውሃ ነው።

«አባትህ ገበሬ ናቸው አይደል?» አሉኝ ጋሼ። «ዳፕ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ፎስፌት። ዳፕና ዩሪያ ጆንያ ተሸክሜ ያደግኩ ሰው፣ በየማታው አንድ ጋሎን ማዳበሪያ ሲገባ አላየሁም። ታዲያ መለኪያው ለምን 0.04 አለኝ? አልጌው ስለበላው ነው። በሬ የበላውን ሳር ማሳው ላይ ብትፈልገው አታገኘውም፤ በሬው ሆድ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ነገሩ ስላበሸቀኝ ቶሎ ልበቀለው ፈለግኩ። ከብረት ኦክሳይድ የሚሠራ ፎስፌት የሚመጥጥ ጥራጥሬ አለ፤ በጥቂቱ ተጀምሮ እየታየ ነው የሚጨመረው። እኔ ከሚገባው እጥፍ አደረግኩ፤ ለጋሼም አልነገርኩ። በሳምንቱ ፎስፌት 0.00። አረንጓዴው መንምኖ ነጭ ሆነና መርገፍ ጀመረ። ፎቶ አንስቼ ለሐኪሙ ላክሁለት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልሞላም። ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ከኮራሎቹ ላይ እየተንጠለጠለ፣ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይዞ መጣ። ጠዋት ስገባ የለም፤ ከሰዓት ሞልቶ ይጠብቀኛል። ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ተገልብጠው ሞቱ። ጋሼ ጠብታ ወስደው በማይክሮስኮፕ አሳዩኝ፦ የዱባ ፍሬ የሚመስሉ ነገሮች ባሉበት ይሽከረከራሉ። ዳይኖፍላጄሌት የሚባል ባለ አንድ ሴል ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ በሙያው ቋንቋ ዳይኖ። አንዳንዱ ዓይነት መርዛማ ነው። ምግብ የለመዱት ሌሎቹ ሲራቡ እሱ ባዶ ሜዳ ያገኛል።

«ማሳውን አስርበህ ለአረሙ ለቀቅህለት» አሉኝ። ያን ጊዜ ግን ተቆጥተው ነበር። የተቆጡት በጥራጥሬው አይደለም፤ ሳልነግራቸው ስለሠራሁት ነው።

ሐኪሙ ሁላችንንም ጠራን። እትዬም መጥረጊያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ይህን ያደረገው ማነው?» አለ። «የጽዳት ሠራተኛዋ የቧንቧ ውሃ ጨመረችበት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ውሸት አይደለም እኮ። እትዬ እንግሊዝኛውን ያን ያህል አይሰሙም፤ ግን ፊቴን ያያሉ። እሳቸው በኮንትራት የሚሠሩ ናቸው፤ አንድ ስልክ ተደውሎ ነገ አትምጪ ይባላሉ። ጋሼ ወለሉን ያያሉ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «መጀመሪያ በስልክ የተሳሳተ ነገር አዘዝኩ። ቀጥሎ መድኃኒቱን ያለ ልክ ጨመርኩ።» ሐኪሙ ትንሽ ዝም አለና ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ብቻ ጠየቀ።

ሰባት ሳምንት ፈጀ። ጥራጥሬውን አወጣን። ውሃ መቀየር አቆምን። ዓሦቹን በደንብ መገብን። በዩቪ መብራት ሌሊቱን ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ዳይኖ መታነው። ይበልጥ ያሳቀኝ ግን በየቀኑ በጠብታ ናይትሬትና ፎስፌት መጨመሬ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተዋጋሁትን ነገር በገዛ እጄ፣ ጠብታ እየቆጠርኩ። ፎስፌቱን 0.1 አካባቢ ያዝነው። ትንሽ አረንጓዴ መስተዋቱ ላይ ተመልሶ ሲመጣ ጋሼ «እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። ሁለት ኮራል አልተረፈም፤ ዋጋውን ድርጅቱ ቻለ።

ባልዲው ላይ አሁን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፌበታለሁ። ለእትዬም አንድ ቲዲኤስ መለኪያ ሰጠኋቸው፤ እስክርቢቶ የሚያክል ነገር ነው፣ በመቀነታቸው ሸጉጠው ይዞራሉ። ባለፈው ሳምንት ጀሪካን ተሸክሜ ስገባ በሩ ላይ አስቆሙኝ። ክዳኑን ከፈቱ። መለኪያውን ነከሩ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አንስተው አዩት።

«ዜሮ ነው። ግባ።»