ሰምቶ ጎነበሰ

ዛሬ ሆዴ ባር ባር ሲለው ዋለ። ምክንያት የለውም። ሥራው ደህና ነው፣ ቤቱ ደህና ነው፣ እኔም እንደምታውቁኝ ነኝ። ማታ ሰሃን እያጠብኩ ድንገት ጮክ ብዬ «ኧረ በስመ አብ!» አልኩ። «ምን ሆንክ?» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። «ምንም» አልኩ። ምን ልበል? ከስንት ዓመት በፊት የሳትኩት ዋላ ትዝ ብሎኝ ነው ይባላል?

የደስታ ትዝታ ፈልጌው ነው የሚመጣው። የእፍረቱ ግን ሳልጠራው ከች ይላል።

ያንን ዋላ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደጋግሜ አውርቼዋለሁ፤ ባወራሁት ቁጥር ቀንዱ እየረዘመ። ጎህ ሲቀድ ነበር። ከጫካው ጫፍ ወጣና ሜዳው ላይ ጎኑን ሰጥቶኝ ቆመ። 60 ሜትር ቢርቅ ነው። ጠመንጃው ድጋፍ ላይ ተቀምጧል። ነፋስ የለም። ብርሃኑ ከጀርባዬ ነው። ለሰበብ የሚሆን አንድም ነገር አልነበረም። ጠመንጃው ላይ የታሰረውን የማነጣጠሪያ መነጽር መስቀል ደረቱ ላይ አድርጌ ቃታውን ሳብኩ። ጸጥ። ለካ ሴፍቲውን፣ ቃታውን የሚቆልፈውን፣ አላነሳሁትም። ጣቴን ሰድጄ ሳነሳው «ቀጭ» አለ። ዋላው ቀና አለ። እኔም ደንግጬ ለቀቅኩት። ጥይቱ ከጀርባው በላይ አልፎ የት እንደገባ እሱ አንድዬ ይወቀው።

ዋላው ግን አልሮጠም። ሰሃን የሚያስጥለኝ ይኼ ነው። ድምፁ ከየት እንደመጣ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ቃኘ። ጆሮውን ወዲህ ወዲያ አዞረ። ከዚያ ጉዳይ እንዳለው ሽማግሌ ቀስ እያለ ወደ ጫካው ተመለሰ። ቢሮጥልኝ ኖሮ «ቢያንስ አስደንግጬዋለሁ» ብዬ እጽናና ነበር። ጋሼ ከጎኔ ነበሩ። ምንም አላሉም። መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

አዳኞች ይህንን ነገር «ትኩሳት» ይሉታል። ስሙ አልተሳሳተም፣ በሽታ ነው። ቀንዳም ዋላ ብቅ ሲል አድሬናሊኑ ደም ውስጥ ይለቀቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ዓይን ደግሞ ከአንድ ነገር በቀር ሌላ አያይም። ያ አንድ ነገር ደረቱ ቢሆን ደግ ነበር። ቀንዱ ነው። ቀንድ እያየ የሚተኩስ ሰው ጥይቱም ወደ ላይ ይሄድበታል። ስለዚህ የቆዩ አዳኞች ቀንዱን አንዴ እየውና እርሳው ይላሉ። ከፊት እግሩ ኋላ ያለችውን የስንዝር ቦታ ብቻ ተመልከት ይላሉ። ቀላል ነው። ቤት ተቀምጦ።

ታናሽ ወንድሜማ (ይቅር በለኝ፣ ማውራቴ አይቀርም) አንድ ጊዜ ጭራሽ ሳይተኩስ ቀረ። ዋላው ፊት ለፊቱ ቆሟል። እሱ ያቀባብላል፣ ያልተተኮሰውን ጥይት አስፈንጥሮ ያወጣል፣ እንደገና ያቀባብላል። እንዲህ እያለ ካዝናውን ባዶ አደረገው። «ሁሉንም ለቀቅኩበት እኮ! እንዴት አይወድቅም?» ብሎ ማለልን። ጥይቶቹ እንዳሉ እግሩ ሥር ተበትነዋል። አልዋሸም። መተኮሱን ከልቡ አምኖ ነበር። በኋላ ሳጣራ እንዲህ ያለ ሰው ያላጋጠመው የድሮ አዳኝ ማግኘት ከባድ ነው። ይህን ሳውቅ ትንሽ ቅር አለኝ፤ በእሱ ልስቅ የነበረው ዕድሜ ልኬን ነበር።

እኔ ግን ግንድ ገድያለሁ።

የወደቀ ግንድ ነበር። ከኋላው ተጋድሜ፣ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። መነጽር ከአፈሙዙ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የሚታሰረው። ዓይኔ የሚያየው በመነጽሩ ነው፣ ጥይቱ የሚወጣው ግን ከታች ነው። ለእኔ ዋላው ጥርት ብሎ ይታየኛል። አፈሙዙ ፊት ያለው ግን ግንዱ ነው። ተኮስኩ። ቅርፊቱ ፊቴ ላይ ተረጨ። ጋሼ ተነሥተው መጡና የተቦረቦረውን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼስ አይነሣም» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ልምምድ ያስጀመሩኝ። ጠመንጃውን ራሳቸው እያጎረሱ ይሰጡኛል። መሀል ላይ ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት ሳይነግሩኝ ይጨምሩበታል። ቃታውን ስስብ ፍንዳታ የለም፣ የሰደፍ ምት የለም። አፈሙዙ ግን ቁልቁል ድፍት ይላል። ትከሻዬ ይዘላል። ዓይኔ ጭፍን ነው። ምንም ሳይመጣብኝ ሸሽቻለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ ላይ መከራከር አይቻልም። ጥይት ቢኖረው ኖሮ ጩኸቱና ጭሱ ይሸፍንልኝ ነበር። መድኃኒቱ ባዶ ጠመንጃ ደጋግሞ መሳብ ነው፤ ሰውነት ፍንዳታውን መጠበቅ እስኪረሳ ድረስ። ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ደግሜ አይቼ፣ ግድግዳው ላይ ስለማመድ ከሳሎን የሚመጣውን አስተያየት እዚህ አልጽፍም።

የእውነት የምጠላው ግን ከተኩሱ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ጋሼ ዘንድ ሕግ ነው፤ «ስቻለሁ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ የለም። ዋላው የቆመበት ቦታ ድረስ ሄዶ መሬቱን መፈተሽ ግድ ነው። ፀጉር አለ? ደም አለ? ሣሩ ላይ፣ ቅጠሉ ሥር፣ እስከ ጫካው ድረስ። ክፉኛ የተመታ ዋላ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሮጦ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ተንበርክኬ እፈልጋለሁ። አንዱ ልቤ አንዲት ጠብታ ባገኝ ይላል፤ መትቼዋለሁ ማለት ነዋ። ሌላው ልቤ ምንም ባላገኝ ይላል። ቆስሎ የትም ሲሰቃይ ከሚያድር ፈጽሞ ብስተው ይሻለኛል። ሁለቱን እኩል እየተመኘሁ ሣር ስገልጥ ምን ዓይነት ሰው እንደምመስል እንጃ። ምንም ሳይገኝ ሲቀር «ንጹሕ ነው» ይላሉ ጋሼ። ለእሳቸው ይህ ምስጋና ነው። ያኔ ብቻ ነው ፊታቸው የሚፈታው።

እና ያኔ ነው እኔ ሰበብ የምጀምረው።

ስለ ሰበብ ነው ለካ ልጽፍ የፈለግሁት። ሰሃኑን ተዉት።

ስትመታ ወሬው አጭር ነው። «መጣ፣ ተኮስኩ፣ ወደቀ።» አለቀ። ስትስት ግን ወሬው ቅርንጫፍ ያወጣል። እንዲያውም ቅርንጫፍ ራሱ አንዱ ሰበብ ነው፤ «ቀጭን እንጨት መልሶብኝ ነው።» የመነጽሩ መስታወት በትንፋሼ ጉም ለብሶ ነው። ጠመንጃው መኪና ውስጥ ተጋጭቶ መነጽሩ ተዛንፎ ነው። ይኼኛው እውነትም ያጋጥማል። ችግሩ ጋሼ ወዲያው ወረቀት ሰቅለው በዚያው ጠመንጃ ይተኩሱና መሀሉን ይበሱታል።

ቁልቁለትም አለ። በዚህ ብዙ ኮርቼበት ነበር፤ የተማረ ሰው ሰበብ ነዋ። የመሬት ስበት ጥይቱን የሚጎትተው በአግድም በሄደው ርቀት ልክ ነው። በ45 ዲግሪ ቁልቁለት 200 ሜትር ላይ ያለ ዋላ፣ በአግድም 141 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። 200 ብሎ ያነጣጠረ ሰው ጥይቱ ከፍ ይልበታል። ትክክል ነው። ያልተናገርኩት ግን በዚህ ርቀት ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሆኑን ነው። የዋላ ደረት ላይ ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ ስንዝር ይሆናል። እኔ የሳትኩት በአንድ ሜትር ነው። የቀረውን ሴንቲ ሜትር የት ልበል?

የሰበቦች ሁሉ ንጉሥ ግን «ሰምቶ ጎነበሰ» ነው። በቀስት ለሚያድን ሰው ይህ እውነት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ፈጣን የተባለ ቀስት 80 ወይም 90 ሜትር ቢሄድ ነው። ዋላው 30 ሜትር ላይ ቢሆን የጅማቱ ድምፅ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ጆሮው ይደርሳል። ቀስቱ ግን ሲሶ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያ መሀል የደነገጠ ዋላ ለመዝለል ጉልበቱን አጥፎ ዝቅ ይላል። ቀስቱን አይቶ አይደለም የሚጎነበሰው፤ ለመፈናጠር ነው። እሱ ዝቅ ሲል ቀስቱ ከጀርባው በላይ ያልፋል። ስለዚህ ቀስተኞች ጆሮውን ያቆመ ዋላ ሲያዩ ዝቅ አድርገው ያነጣጥራሉ፤ ወይም ጭራሽ ይተዉታል።

ይህን ስማር ደስታዬን አልችለውም ነበር። ጥፋቱ የእኔ ያልሆነበት መሳት አገኘኋ! ከዚያማ በየአጋጣሚው መዘዝኩት። ምግብ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ያላደነ ሰው ሁሉ ባለበት። «የጎዳኝ የእኔ ዓይን አይደለም፣ የዋላው ጆሮ ነው» እያልኩ። አንድ ቀን ስለዚያ ስለ ግዙፉ ዋላ ሳወራ «ሰምቶ ጎነበሰብኝ» አልኩ። ያ ልጅ፣ የጋሼ የልጅ ልጅ፣ ስልኩን አወጣ። «በቀስት ነበር?» አለኝ። «በጠመንጃ» አልኩ። ትንሽ ነካ ነካ አደረገ። ጥይቱ በሰከንድ 800 ሜትር እንደሚሄድ፣ ከድምፁም ከእጥፍ በላይ እንደሚፈጥን ነገረኝ። «እንግዲህ የሰማው ጥይቱ ካለፈ በኋላ ነው» አለ፣ በጨዋነት። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ሁሉም ሰው ሰሃኑን አየ።

ልጁ በደግነት ነው ያለው። ለዚያም ነው የማልረሳው።

አሁን አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። የመታኋቸውን ሳስብ የሚመጣልኝ ድካሙ ነው፤ መጎተቱ፣ መገፈፉ፣ የእጄ ብርድ። እንስሳው ራሱ ይደበዝዝብኛል። የሳትኳቸው ግን አንድ በአንድ አሉ። ጆሯቸው፣ የቆሙበት ሣር፣ የጅራታቸው ነጭ። ያ ግዙፉ ዋላ እስካሁን እዚያ ሜዳ ላይ በዚያው ዕድሜው ቆሟል። እውነቱ ግን ከሞተ ቆይቷል። ዱር ውስጥ 10 ዓመት የሚያልፍ ዋላ ጥቂት ነው። ክረምት ወስዶታል፣ ወይም እርጅና፣ ወይም ሴፍቲውን ቀድሞ ያነሣ ሌላ ሰው። ያ ያንቀጠቀጠኝ ቀንድ ደግሞ በዚያው ወቅት ማብቂያ ራሱ ወድቋል። የወንድ ዋላ ቀንድ በየዓመቱ ይረግፋል፣ እንደገናም ይበቅላል። ትንሽ ወራት ብታገሥ ኖሮ መሬት ላይ አነሣው ነበር ማለት ነው። ያለ ጥይት፣ ያለ ጋሼ ዝምታ።

አውሮፓውያን የአዳኞች ጠባቂ አድርገው የሚያከብሩት ቅዱስ ሁበርት የሚባል ጳጳስ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ727 ነው ያረፈው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። በስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እሱ አደን ወጣ። አንድ ትልቅ ዋላ ሲያሳድድ ዋላው ዞር አለ፤ በቀንዶቹ መካከል መስቀል ቆሞ አየ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ተለወጠ። እንግዲህ የአዳኞች ጠባቂ በዓለም የታወቀው ባልገደለው ዋላ ነው። ይህን ለጋሼ ብነግራቸው ምን ይሉኝ ይሆን? «እሱ እኮ አልተኮሰም፣ አንተ ተኩሰሃል» ይሉኛል። ልክ ናቸው። እኔ በሁበርት ቦታ ብሆን መጀመሪያ ተኩሼ እስት ነበር። መስቀሉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ይሆናል።

ቆይ፣ ለምንድነው ግን ሰበቡ የሚያስፈልገኝ? ጋሼ አንድም ቀን «ለምን ሳትክ?» ብለውኝ አያውቁም። ወንድሜም ከዚያ ካዝና በኋላ የሚጠይቅበት አፍ የለውም። ዋላውም አይጠይቅም። ማንን ነው የማስረዳው?

እዚህ ድረስ ካነበባችሁ ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ባለፈው ቀስት ልምምድ ሄደን ነበር። መሀል ላይ ከስፖንጅ የተሠራ ዋላ አቁመዋል። ቀንዱም ስፖንጅ ነው። ተራዬ ደረሰ። ጎተትኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ። ቀስቱ ከጀርባው በላይ አልፎ መጋረጃው ላይ ተሰካ። ጋሼ ቀስ ብለው ዞሩና አዩኝ። ያ ልጅም አየኝ። ስልኩ እጁ ላይ ነው። «ሰምቶ ጎነበሰ» እንዳልል ስፖንጅ ነው። አፌ ግን ሳላዘው ተከፈተ።

«ነፋሱ ነው» አልኩ።

አዳራሽ ውስጥ ነበርን።