ስለ ባደር ሙኒር የነገሩኝ ሹፌር

ዛሬ ማምሻውን ከሥራ ስመለስ የተሳፈርኩባት የዱባይ ታክሲ ሹፌር ከፓኪስታኑ የስዋት ሸለቆ የመጡ፣ ፓሽቱን ከሚባለው ሕዝብ የሆኑ አዛውንት ነበሩ። መንገዱ ተዘግቶ በቆምንበት ሰዓት፣ ከስልካቸው ሽፋን ውስጥ ጠርዟ የተበላ ጉርድ ፎቶግራፍ አውጥተው በአውራ ጣታቸው ጠረግ ጠረግ ካደረጉ በኋላ አሳዩኝ፤ የፊልም ተዋናዩ ባደር ሙኒር ነበር።

የስዋቷ ማድያን ልጅ ባደር ሙኒር ኑሮን ለማሸነፍ ካራቺ ወርዶ ሪክሾ (እንደ ባጃጅ ያለ ተሽከርካሪ) ሲነዳ ኖሯል፤ ፊልም ስቱዲዮ የገባውም ተዋናይ ሆኖ ሳይሆን፣ ለሌሎች ተዋንያን መብራት የሚያበራ ሠራተኛ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በፓኪስታን በፓሽቱኖች ቋንቋ በፓሽቶ የመጀመሪያው ፊልም፣ በፓሽቱኖች የፍቅር ተረት ላይ የተመሠረተው «ዩሱፍ ካን ሸርባኖ» ሲሠራ ግን ዋናው ተዋናይ እርሱ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በፓሽቶም በኡርዱም በመቶዎች የሚቆጠሩ ፊልሞችን ሠርቷል። እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ያ የመጀመሪያው ፊልም ነው፤ በሌላ ቋንቋ ፊልም ሲያይ የኖረ ሕዝብ፣ ጀግናው በእናቱ ቋንቋ ሲናገር የሰማበት ቀን ምን ዓይነት ቀን ይሆን?

ባደር ሙኒር ጥቅምት 11 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. ላሆር ውስጥ ሲያርፍ፣ የተወለደባት ስዋት በጦርነት ውስጥ ነበረች። አዛውንቱ ይህንን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ መንገዱ ሲከፈትም ፎቶግራፏን በጥንቃቄ ወደ ቦታዋ መልሰው ጉዟችንን ቀጠልን።