አራት ዓመት ሠልጣኝ ተብዬ ሸመንኩ

ለተቸገሩ ሴቶች ሥራ እንፈጥራለን የሚሉ ድርጅቶች ዘንድ ልትቀጠሩ ያሰባችሁ እህቶቼ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ስገባ የሚነግረኝ ስላልነበረ ነው።

ልጆቼን ያሳደግኩት ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት ተሸክሜ ሽሮ ሜዳ እያወረድኩ ነው። የጫካ ዘብ ሲይዘን እንጨቱን፣ አንዳንዴም ገመዱን ጭምር ይቀማን ነበር። ስለዚህ ስካርፍ የሚያሸምን ድርጅት ሴቶች ይፈልጋል ሲባል ሮጥኩ። መግባቱ ቀላል ነው፤ የቀበሌ መታወቂያ፣ ከወረዳ የችግረኛነት ማስረጃ፣ አጭር ቃለ መጠይቅ፣ በቃ። ሽመናውንም በጥቂት ወራት ለመድኩት። ድርና ማግ የማያውቅ እጄ ውጭ አገር የሚሸጥ ስካርፍ አወጣ፤ በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ወገቤም እፎይ አለ።

ነገሩ የተበላሸው የፈረምነው ወረቀት ላይ ነው። ርዕሱ «የሥልጠናና የመልሶ ማቋቋም ስምምነት» ይላል፤ በየስድስት ወሩ ይታደሳል። ጠዋት የሰዓት ፊርማ እንፈርማለን፣ ካረፈድን ይቆረጥብናል፣ ትእዛዝ ሲበዛ ቅዳሜም እስከ ማታ እንሠራለን። የሚከፈለን በስካርፍ ቁጥር ሆኖ መክፈያው ላይ «የኪስ ገንዘብ» ተብሎ ይጻፋል። አንዷ ጓደኛችን ወልዳ ቤቷ ስትቀመጥ አንድ ብር አልተሰጣትም። ሠልጣኝ የወሊድ ፈቃድ የለውም አሏት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ለሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል።

የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚያየው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ርዕሱን ብቻ አይቶ ወረቀቱን መለሰልኝ። «እናቴ፣ መልሶ ማቋቋም ከሆነ አዋጁ አይመለከታችሁም። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ እኮ ዛሬም እንጨት ላይ ነበራችሁ» አለኝ። ይህ የመጨረሻው ንግግሩ እስካሁን ያንገበግበኛል። ደመወዝ የጠየቅኩት እኮ ለሠራሁት ሥራ ነው!

ስለ አዋጁ ያለው ግን ግማሹ እውነት ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 3 ለእንክብካቤ፣ ለሕክምና፣ ለመልሶ ማቋቋምና ለሥልጠና የሚደረጉ ውሎችን ከአዋጁ ውጭ ያደርጋል። አንቀጽ 4 ደግሞ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪው መሪነት ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ ይላል። አዋጁ ለሙከራ እንኳ ከ60 የሥራ ቀን በላይ አይፈቅድም። አራት ዓመት የማያልቅ ሥልጠና ምን ዓይነት ሥልጠና ነው?

ሰውዬው «መጀመሪያ በውስጥ ተነጋገሩ፣ መልስ ጠብቁ» ብሎ ሸኘኝ። እኔ የምላችሁ የዚህን ተቃራኒ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ግልባጩ ላይ አስፈርሙ፣ ግን አትጠብቁ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር በይርጋ ይታገዳል፤ ማለት ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። ድርጅቱ «ቦርዱ እያየው ነው» እያለ ሲያመላልሰን የአብዛኛው ትርፍ ሰዓታችን ጊዜ አለፈ። ብቻችሁንም አትሂዱ። ብቻዬን ስሄድ ምክር ሰጥተው መለሱኝ፤ ተሰብስበን ስንሄድ ወንበር አመጡልን።

የረዳን ደብተሬ ነው። የሸመንኩትን ስካርፍ ቀኑን እየጻፍኩ እመዘግብ ነበር፤ ልጄም የሰዓት ፊርማውን ገጽ በስልኳ ፎቶ አንስታልኝ ነበር። የቢሮው ሌላ ባለሙያ፣ አንዲት ወጣት ልጅ፣ ሁሉንም ገጽ በገጽ አነበበችው። ከዚያ በኋላ ነው ድርጅቱ የተጠራው። «ጫና ከበዛብን ድጋፍ ሰጪዎቻችን ይሸሻሉ፣ ሁላችሁም ትበተናላችሁ» ብለው አስፈራሩን። ማንም አልሸሸም፣ ስካርፉም ይሸጣል።

አሁን የሥራ ውል አለን። ለጡረታ አሠሪው 11፣ እኛ 7 በመቶ እናዋጣለን። ግን የተቆጠረልን ከፈረምንበት ወር ጀምሮ ብቻ ነው። እኔ ዕድሜዬ ይበቃኛል። ከጎኔ የምትሸምነው እትዬ ግን ውሉን ስትፈርም 54 ዓመቷ ነበር። መጦሪያው 60 ነው፤ ወር በወር ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። እሷ የሚኖራት 6 ብቻ ነው። ያቺ የተሰረዘች አራት ዓመት ብትታሰብላት ልክ ትሞላለች።

የእሷን ጉዳይ ፍርድ ቤት ልንወስደው ነው፣ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት። ሠራተኛ እዚያ የዳኝነት ገንዘብ አይከፍልም። ይህን ከቢሮው አንድም ሰው አልነገረንም፤ አዋጁን ገዝተን እኛው አንብበን ነው ያገኘነው።